የጎሚስታው ትንፋሽ

የደብረ ብርሃን ውርጭ የዶርሙን መስታወት ሲልሰው፣
ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ያልተኛ አንድ ሰው፣
እኔ ነኝ፤ የተሰበረ የወንበር እግር ይዤ፣
ቅርጽ እየፈለግኩ፣ በምላጭ ተክዤ።
ከመማሪያ ክፍል ጓሮ የተጣለ ወንበር ነው፤
መቀመጫ መሆን ሰልችቶት ዓሣ መሆን ያማረው።

ሰይፈሚካኤል ያስነጥሳል ከብርድ ልብሱ ሥር፦
«ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም፣ ይኸው ስንት ዘመን ክርክር!
ያንተስ ጥሩ ነው፤ እንጨት ነው፤ አያስገድፍ፣ አይሸት፣
ብቻ ፍቅፋቂው አፍንጫዬን ገደለው በዚህ ሌሊት።»

ቀለም ከወዴት ይምጣ? የጥፍር ቀለም ገዛሁ፤
አምስት ብልቃጥ ባንዴ፣ ባለሱቋን እየፈራሁ።
«ለማን ነው?» አለች እቴነሽ፣ «ቀይ ናት ወይስ ጠይም?»
«ብርማ ናት» አልኳት፣ «ዐይኗን አትከድንም።»
ቀዩን መረቀችልኝ፤ «እሷን ሰላም በልልኝ።»
ሰላም ብያታለሁ። እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝ።

አየር ግን አይገዛም። አየር የጋሽ ዘርጋው ነው፤
የደሴን መንገድ ጎማ ሲነፋ የሚያመሽ ሰው።
ሲሚንቶ የጫነው ተሳቢ ሄዶ ግቢው ጭር ሲል፣
«ና» ይለኛል፣ «ሁለት ደቂቃ፤ መብራት ሳይሄድ ቶሎ በል።»
ከሽቶ ጠርሙስ አፍ፣ ከእስክሪብቶ ቀፎ የሠራሁትን፣
በከመነዳሪ ቁራጭ ጥፍር አድርጌ ያሰርኩትን
መርጫዬን ከቱቦው ገጠምኩት።
የሽንኩርት ጆንያ መረብ ገላው ላይ ወጠርኩበት፣
በመረቡ አናት ብሩን ነፋሁበት፤
ሳነሣው፣ ቅርፊት!
ጀርባው የቄጤማ አረንጓዴ፣ ሆዱ የንጋት ጭጋግ፣
ጉንጩ ላይ የምርቃቷ ቀይ፣ ትንሽ፣ ለወግ።
«ይኸን ሁሉ ዘመን» አለ ጋሽ ዘርጋው፣ «ጎማ ስነፋ ኖሬ፣
አንዱም ዞሮ ዐይቶኝ አያውቅ። ይኼ ዐየኝ ዛሬ።»
መብራት ሄደ።

በሬሳ ላይ እጄን አፍታታሁ፤ ፈተናው ግን ጀማ፤
ቅዳሜ በለሚ ቁልቁል፤ ሹራብ ወለቀ፣ ካልሲ ወለቀ፣
ታችኛው መታጠፊያ ላይ ጫማ።
ጭላዶቹ ከገደሉ አፋፍ ጀርባቸውን ሰጡን፤
ተራ መኪና ነን፤ ምን ይሉን?
ወንዙ ዳር ሰዎች ብርብራ ይወቅጣሉ፤
«ምን ያደክምሃል? ይህን ስንበትነው ሰክረው ይንሳፈፋሉ።»
አንዱ እንጨቴን ተቀብሎ በጥፍሩ ቧጠጠ፤
«የሱቅ ነው?» «የወንበር ነው።» ሳቃቸው ወንዙን አናወጠ።
«ዓሣ ጎርጓሪ…» ሲል ሌላው፣ ሳቅ አላስጨረሰውም፤
ዘንዶም ቢሆን በወጣ! ለኔ እሱም አልወጣም።

ስወረውር ስስብ፣ ስወረውር ስስብ፣ ጥላዬ አጠረ፤
አንድ ነጭ ዓሣ ከድንጋይ ሥር መጣ፣ ቆመ፣ መረመረ፤
እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ፣ እኔን ዐይቶ፣ ወረቀቴን ዐይቶ፣
አለፈኝ፤ ውሃውን በጅራቱ መትቶ።

ያን ጊዜ ከሾላው ላይ አንድ ሰማያዊ ነገር ወደቀ።
ወፍ ነው። ዓሣ በል ወፍ። ቀጥ ብሎ ጠለቀ።
ጧ! አለ እንጨቱ።
ለጥቂት ከመንጠቆው ተረፈ። ወጣ፤ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፤
ምሳው ለምን እንደሚያም ሳይገባው ከቅርንጫፉ ተጠጋ፤
ላባው እስኪደርቅ ዐየኝ። ዐየሁት።
የስንት ሌሊት ልፋቴን እሱ መሰከረ፤
ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ።
ዓሣን ልሸነግል ወርጄ የሸነገልኩት አጥማጅን፣
እንደኔው ቁርስ ያልበላ፣ ወንዝ ዳር የቆመ ወዳጅን።

ሰኞ ማታ ጋሽ ዘርጋው፣ «እህሳ፣ ያዝክ?» አለኝ።
እንጨቱን ሰጠሁት።
ጀርባው ላይ የመንቁር ጠባሳ፣ ከስንዴ ቅንጣት ያልበለጠ፤
ልማድ ሆኖበት ምራቁን ቀብቶ፣ አረፋ ይወጣ እንደሆን አፈጠጠ።
«ተበስቷል» አለ። «ላስቲክ ቆርጬ ልለጥፍበት?
ወይስ ያቺን ብርማህን ትደግምበት?»
«ተወው፣ ጋሽ ዘርጋው።»

ከባድ መኪና ገባ። ክሪኩን አነሣ። ኮምፕረሰሩ አጓራ።
እንጨቱን አልመለሰልኝም፤ ከደረት ኪሱ አኖረው፤
ከመኪናው ሥር በጀርባው ሲሳብ፣ ከኪሱ ብቅ ያለው ዐይን፣
ሳይከደን፣ የጎማውን ጨለማ ሲመረምረው።